የታክል ዋጋ፦ ፒክ መስጠት የሚያዋጣው መቼ ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል (NFL) ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ በአንድ ጨዋታ 5 እና 6 ጊዜ ሲጣል፣ በማግስቱ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ያው ነው፤ «ፒክ እንስጥና ደህና ታክል እናምጣ።» ፒክ አዲስ ተጫዋች የመምረጫ ተራ ነው፤ ታክል ደግሞ ኳርተርባኩን የሚጠብቅ የመስመር ዳር ተጫዋች። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር የኮማንደርስ ተከታታዮች ጉዳዩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቡድኑ በ2020 አንድ ታላቅ የግራ ታክል ሸጦ በ2025 ሌላ ታላቅ የግራ ታክል ገዝቷል። ሁለቱን ግብይቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ስለዚህ ገበያ ብዙ ይማራል።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ኳርተርባኩ ወጣት ከሆነና ደመወዙ ገና ካልናረ፣ ለጥሩ ታክል ፒክ መስጠት ተገቢ ነው። የሚሰጠው ግን የ2ኛና የ3ኛ ዙር እንጂ የ1ኛ ዙር ፒክ መሆን የለበትም፤ የከርሞ 1ኛ ዙርማ ጭራሽ አይነካም። ተጫዋቹ በአዲሱ ውል ሳይስማማም ትልቅ ፒክ ከእጅ መውጣት የለበትም። ቡድኖች የታክሉን ችሎታ አሳስተው የሚገምቱት ከስንት አንዴ ነው። ብዙዎቹ የሚከስሩት በእነዚህ ነገሮች ነው።

ፒክ ምን እንደሆነ በእቁብ ማስረዳት ይቀላል። እቁብ ላይ ገንዘቡ አሁኑኑ የሚያስፈልገው ሰው፣ ዕጣ የወጣለትን ለምኖና የሆነ ነገር ጨምሮለት ተራውን ይገዛል። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ድራፍትም እንዲሁ ነው። 32 ቡድን አለ፣ 7 ዙር አለ፣ በየዙሩ ለየቡድኑ አንድ ተራ ይደርሳል። ዓመቱን በመጨረሻ ደረጃ የጨረሰው ቀድሞ ይመርጣል፣ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ የወሰደው ከሁሉም በኋላ። ልዩነቱ የከርሞው ተራ ስንተኛ እንደሚሆን ማንም አለማወቁ ነው። በገበያው ልማድ አንድ ዓመት የሚዘገይ ፒክ አንድ ዙር ዝቅ ብሎ ይታሰባል፤ የከርሞ 2ኛ ዙር እንደ ዘንድሮ 3ኛ ዙር ማለት ነው። ትዕግሥት ያለው ሻጭ ከዚህ ያተርፋል፣ የቸኮለ ገዢ ይከስራል።

ተራዎቹን ለማነጻጸር የዳላስ ካውቦይስ አሰልጣኝ የነበረው ጂሚ ጆንሰን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋለው የነጥብ ሠንጠረዥ ዛሬም መነሻ ነው። 1ኛው ተራ 3000 ነጥብ ነው፣ 3ኛው 2200፣ 16ኛው 1000፣ 32ኛው 590፣ 64ኛው 270። ዛሬ ቡድኖች የየራሳቸው ስሌት አላቸው፤ ለእጅ ሒሳብ ግን ይህ ይበቃል።

በዚህ ሒሳብ ሂዩስተንን እንይ። በ2018 የከተማው ቡድን የቴክሳንስ ኳርተርባክ ዴሾን ዋትሰን 62 ጊዜ ሳክ ተደረገ፤ ኳሱን ሳይለቅ ተጣለ ማለት ነው። ቡድኑ ተጨነቀ። የውድድሩ ዓመት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ኦገስት 31 ቀን 2019፣ የግራ ታክሉን ላረሚ ተንሲልን ከማያሚ አመጣ። ከእሱ ጋር ተቀባዩ ኬኒ ስቲልስ፣ የ2020 4ኛ ዙርና የ2021 6ኛ ዙር ፒክ መጣለት። የከፈለው የ2020 እና የ2021 1ኛ ዙር፣ የ2021 2ኛ ዙር እና ሁለት ተጫዋቾች ነበር።

ሂዩስተን በየዓመቱ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) የሚገባ ቡድን ሆኖ ይቀጥላል ብለን እናስብ። 26ኛ፣ አሁንም 26ኛ፣ ከዚያ 58ኛ ተራ ይሰጣል፤ 700 ሲደመር 700 ሲደመር 320፣ በድምሩ 1720 ነጥብ። ውድ ነው፣ ግን ሰው ሊከራከርለት የሚችል ዋጋ ነው። የ2020 ተራ በእርግጥም 26ኛ ሆነ። በ2020 ግን ቡድኑ 4 አሸንፎ 12 ተሸነፈና የ2021 ተራዎቹ 3ኛ እና 36ኛ ሆነው አረፉ። 700 ሲደመር 2200 ሲደመር 540፣ 3440 ነጥብ። ከመላው ድራፍት 1ኛ ተራ ይበልጣል! ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ማያሚ 3ኛውን ተራ ለሳን ፍራንሲስኮ ሸጦ ተጨማሪ 1ኛ ዙሮች ሰበሰበ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ በ6ኛው ጄይለን ዋድልን ወሰደ፤ በ36ኛው ደግሞ ጄቮን ሆላንድን።

ተንሲል ደካማ ስለሆነ አይደለም። በተደጋጋሚ ለሊጉ ኮከቦች ጨዋታ፣ ለፕሮ ቦውል የተመረጠ፣ እግሩ ቀላል የሆነ ታክል ነው። የዋትሰን ሳክም በ2019 ወደ 44 ወርዷል፣ በ2020 ግን እንደገና 49 ደረሰ። ትልቁ ጥፋት ፒኩ ሲሰጥ ውሉ አለመታሰሩ ነበር። ተንሲል በኤፕሪል 2020፣ ወኪል ሳይዝ ራሱ ተደራድሮ፣ የ3 ዓመት የ66 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ሁለት 1ኛ ዙር አስቀድሞ የከፈለ ቡድን «ዋጋህ በዛ» ብሎ የመነሳት አቅም የለውም፤ ተጫዋቹም ይህን ያውቃል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ የሚያስከፍለው ሥራ ምንድን ነው? በኳሱ ፊት 5 ሰዎች ይሰለፋሉ፤ መሐል ሴንተር፣ ከግራና ከቀኙ ጋርዶች፣ ዳርና ዳር ታክሎች። የግራ ታክሉን አንድ ቅብብል ላይ ብቻ ቀረብ ብለን እንየው። ቀኝ እግሩ ወደ ፊት፣ ግራው ወደ ኋላ ሆኖ ይቆማል። ኳሱ ሲነሳ በግራ እግሩ ወደ ኋላና ወደ ውጭ ይረግጣል፣ ቀኙ መሬቱን እየላሰ ይከተላል። እግሮቹ መጣመር የለባቸውም፣ መቀራረብም የለባቸውም። ትከሻው የፊት መስመሩን እንዳየ ይቆያል፤ ወገቡን ቀድሞ ካዞረ ኳርተርባኩን ሊጥል የሚመጣው አጥቂ ከውስጥ በኩል ሾልኮ ይገባበታል፣ ወደ ውጭ አብዝቶ ከረገጠም እንዲሁ። ከዚያ እጅ ነው። ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ፣ በትክክለኛው ቅጽበት የአጥቂውን ደረት ይመታል። ቶሎ ከሰነዘረ አጥቂው እጁን በጥፊ ገፍቶ በጎኑ ያልፋል። ዘግይቶ ከሰነዘረ ደረቱ ላይ ይገቡበትና ወደ ኳርተርባኩ ጭን እየተገፋ ይሄዳል፤ ያኔ የሚያድነው ዳሌውን ዝቅ አድርጎ ተረከዙን መትከል ነው። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ኳሱ እስኪወጣ ባለው በ2.7 ሰከንድ አካባቢ ነው። ቡድኖች ለታክል ቢያንስ 84 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የክንድ ርዝመት የሚፈልጉትም ለዚህ ነው፤ ቀድሞ የነካ ያዛል።

እስካሁን ያየነው አንድ ለአንድ ነው። ከባዱ ልውውጡ ነው። የዳሩ አጥቂ በድንገት ወደ ውስጥ ገብቶ ጋርዱን ይገጫል፣ የመሐሉ አጥቂ ደግሞ ከኋላው ዞሮ ወደ ዳር ይወጣል። ታክሉ የራሱን ሰው ለጋርዱ አሳልፎ የሚዞረውን መቀበል አለበት፤ ንግግር የለም፣ በትከሻ መነካካት ብቻ ነው። አንድ ወቅት አብረው የሠሩ ሁለት ሰዎች ይህን ሳያስቡት ያደርጉታል። ትናንት የመጣ ሰው ግን ግማሽ ሰከንድ ይዘገያል፣ ያ ግማሽ ሰከንድ ደግሞ ሳክ ነው። በዚህ ላይ በውድድሩ ወቅት ሙሉ መከላከያ ለብሶ መለማመድ የሚፈቀደው 14 ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ልምዱ የሚገኘው በጨዋታው ላይ ነው። በሰው ሜዳ ጩኸቱ ሲበረታ ደግሞ የኳሱ መነሻ በሴንተሩ ራስ ንቅናቄ ወይም በጋርዱ መታ ማድረግ ይታወቃል። ያንን ምት ያልለመደ ታክል ቀድሞ ይነቃነቅና ቡድኑን 5 ያርድ ያስቀጣል።

ስለዚህ ስልክ ከመነሳቱ በፊት ፊልሙ ይቆጠር። እያንዳንዱ ጫና ይመዘገባል፤ ከኳሱ መነሳት በስንት ሰከንድ ደረሰ፣ በማን በኩል መጣ፣ አጥቂዎቹ ስንት ነበሩ። ከ2.5 ሰከንድ በፊት የደረሰ ጫና አብዛኛውን ጊዜ የመስመሩ ሰው ጥፋት ነው። ከ3 ሰከንድ በኋላ የመጣ ከሆነ ኳርተርባኩ ኳሱን ይዞ ቆይቷል ወይም ተቀባዮቹ አልተነጠሉም። ማንም ሳይነካው የገባ አጥቂ ካለ ደግሞ የጥበቃው ጥሪ ተሳስቷል ወይም ኳሱን ይዞ የሚሮጠው ራኒንግ ባክ ሰውየውን አላየም። እንበል ከ120 ጫና 30ው ብቻ በግራ ታክሉ በኩል ከሆነ፣ የዓለም ምርጡን የግራ ታክል ብታመጡም ቀሪው 90 እዚያው ይጠብቃችኋል። ከሂዩስተን የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በ2024 ተንሲል በግራ ቆሞ እያለ ወጣቱ ኳርተርባክ ሲ ጄ ስትራውድ 52 ጊዜ ሳክ ተደረገ። አንድ ምሰሶ ብቻውን ቤት አይሸከምም።

ካንሳስ ሲቲ ይህን የተረዳው ከመራር ሽንፈት በኋላ ነበር። በፌብሩዋሪ 2021 ሱፐር ቦውል ላይ ሁለቱ ታክሎቹ ኤሪክ ፊሸርና ሚቸል ሽዋርትዝ በጉዳት አልነበሩም። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ ከሜዳው ዳር ዳር ሲሮጥ አመሸ፣ ታምፓ ቤይም 31 ለ 9 አሸነፈ። በዚያው ማርች ጋርዱን ጆ ቱኒን በ5 ዓመት 80 ሚሊዮን ዶላር ከነፃ ገበያ፣ ማለትም ውላቸው ካለቀ ተጫዋቾች መሐል፣ ያለ ፒክ ወሰዱ። በኤፕሪል ከባልቲሞር ታክሉን ኦርላንዶ ብራውን ጁኒየርን አመጡ። የሰጡት 31ኛው፣ 94ኛው እና 136ኛው ተራ ከ2022 5ኛ ዙር ጋር ነው፤ የተቀበሉት ግን ብራውንን ብቻ ሳይሆን 58ኛውን ተራና የ2022 6ኛ ዙርንም ጭምር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 600 ሲደመር 124 ሲደመር 38፣ ሲቀነስ 320፣ ወደ 440 ነጥብ። 1ኛ ዙር ሰጡ ተብሎ ቢወራም በተግባር የከፈሉት የ2ኛ ዙር አጋማሽ ዋጋ ነው። ወደ ኋላ የተቀበሉት 58ኛ ተራ ደግሞ ለብዙ ዓመት የመከላከሉ መሪ የሆነውን ኒክ ቦልተንን አስገኘ። ፒክ መስጠት ካልቀረ እንዲህ ነው፤ ትልቁን ሰጥተህ መካከለኛውን በዚያው ወረቀት ላይ መልሰህ ትቀበላለህ።

በዚያው ድራፍት ሴንተሩን ክሪድ ሃምፍሪን በ63ኛው፣ ጋርዱን ትሬይ ስሚዝን በ226ኛው ተራ አገኙ። በፌብሩዋሪ 2023 ፊላደልፊያን 38 ለ 35 ሲያሸንፉ ማሆምስ አንድም ጊዜ ሳክ አልተደረገም። ብራውን ግን የረጅም ጊዜ ውል ሳይስማማ ቆይቶ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ወደ ሲንሲናቲ ሄደ። ሁለት ዓመት አገለገለ፣ አንድ ዋንጫ መጣ። በእኔ ሚዛን አዋጥቷል፤ ያዋጣው ግን ዋጋው 440 ነጥብ ስለነበር ነው።

ወደ ዋሽንግተን ልመለስ። ትሬንት ዊሊያምስ በሕክምና ጉዳይ ከቡድኑ ጋር ተጣልቶ የ2019ን ወቅት ሳይጫወት አሳለፈ። የማይታረቁ መሆናቸውን 31ዱም ቡድኖች አወቁ። በኤፕሪል 2020 ሳን ፍራንሲስኮ በዚያ ዓመት 5ኛ ዙርና በ2021 3ኛ ዙር ብቻ ወሰደው። ዕድሜው 31 ነበር። ከዚያ በኋላ በ2021፣ በ2022 እና በ2023 በተከታታይ የሊጉ ምርጥ ቡድን ውስጥ ገባ። አንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ልዩነት ሂዩስተን ለአንድ ታክል ሁለት 1ኛ ዙር ሲከፍል፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚበልጠውን ታክል በተረፈ ዋጋ አገኘ። ልዩነቱ የሻጩ ሁኔታ ነው። ማያሚ የመሸጥ ግዴታ አልነበረበትም፣ ዋሽንግተን ነበረበት። ገዢ መፈለግ ያለበት የተጣላ፣ ውሉ ያለቀበት ወይም ደመወዙ ሻጩን ያስጨነቀ ጥሩ ታክል ነው።

በማርች 2025 ተንሲል ራሱ ወደ ዋሽንግተን መጣ። ኮማንደርስ የ2025 3ኛና 7ኛ ዙር፣ የ2026 2ኛና 4ኛ ዙር ሰጥተው ተንሲልንና የ2025 4ኛ ዙርን ተቀበሉ። ግብይቱን በመሠረቱ እደግፈዋለሁ። ኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ በ2024 የጀመረው የ4 ዓመት ውል በጠቅላላ ወደ 38 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ በገበያ ዋጋ የሚከፈለው ኳርተርባክ ያንን በአንድ ዓመት ይበላዋል። ስለዚህ በዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ለሚያወጣ ታክል ቦታ አለ። የ2025 የደመወዝ ጣሪያ፣ አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ ሊያወጣ የሚፈቀድለት መጠን፣ 279.2 ሚሊዮን ስለሆነ ታክሉ የሚይዘው 9 ከመቶ ያህል ነው። በዚያ ላይ ዳንኤልስ በመጀመሪያ ዓመቱ 47 ጊዜ ሳክ ተደርጓል፣ ብዙ የሚሮጥ ልጅም ነው። 1ኛ ዙራቸውን ስላልነኩም በ29ኛው ተራ ጆሽ ኮነርሊ ጁኒየርን መረጡ፤ በአንድ ወር ልዩነት ለሁለቱም ዳር ሰው ተገኘ።

ቅሬታዬ የ2026 2ኛ ዙር ላይ ነው። ሲሰጥ ኮማንደርስ ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ቀርቶት የነበረ ቡድን ስለሆነ፣ ሁሉም የ2ኛ ዙር መጨረሻ አድርጎ አሰበው፤ ከ270 እስከ 300 ነጥብ። በ2025 ዳንኤልስ በጉዳት ደጋግሞ ወጣ፣ ቡድኑም ወደቀ። ወደ ዙሩ መጀመሪያ የወጣ 2ኛ ዙር ግን ከ500 ነጥብ በላይ ነው። ያንን ፒክ ከ2025 2ኛ ዙር ጋር ለመለወጥ መከራከር ነበረባቸው፤ ያኔ ቢያንስ ስንተኛ ተራ እንደሰጡ አውቀው ይሰጡ ነበር። በዚያ ላይ ተንሲል 30 ዓመቱን ይዞ፣ 2 ዓመት ብቻ የቀረው ውል ይዞ ነው የመጣው።

ስለ ወረቀቱ ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ደጋፊ የሚዘልለው ክፍል ነውና። ፊርማ ላይ የሚሰጥ ቦነስ በአንዴ ተከፍሎ በደመወዝ ጣሪያው ላይ እስከ 5 ዓመት ይበተናል። ተጫዋቹ ሲሸጥ ያልተቆጠረው ቀሪ ቦነስ በሻጩ ላይ ይወድቃል፣ ገዢው የሚወርሰው ደመወዙን ነው። ከጁን 1 በኋላ ከሆነ የሻጩ ሸክም ለሁለት ዓመት ይከፈላል። ገዢ ይህን ካወቀ ሁለት መንገድ አለው። አንድም ሻጩ ከደመወዙ ከፊሉን አስቀድሞ እንዲከፍል ጠይቆ ፒኩን ከፍ ያደርጋል፣ አሊያም ደመወዙን ሙሉ በሙሉ ተሸክሞ ፒኩን ዝቅ ያደርጋል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የራሱ ካዝና ነው።

የጤና ምርመራውም ለይስሙላ አይደለም። በኦክቶበር 2017 ሲያትል የግራ ታክሉን ዱዌን ብራውንን ከሂዩስተን ሲወስድ፣ በልዋጩ የሚሄደው ጄረሚ ሌን ምርመራውን ስላላለፈ ስምምነቱ ፈርሶ በሌላ ፒክ እንደገና ተጻፈ። ለመስመር ሰው ጉልበት፣ የታችኛው ጀርባና ትከሻ በጥንቃቄ ይታያሉ፤ 140 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ጨዋታ ከ60 ጊዜ በላይ የሚጋጭባቸው ናቸው። ጎንም ይጠየቅ። ዕድሜ ልኩን በቀኝ የቆመን ሰው ወደ ግራ ማዞር እግሩንም እጁንም እንደገና ማስተማር ነው፤ በኦገስት የመጣ ሰው ለዚያ ጊዜ የለውም።

በወቅቱ መሐል የሚደረግ ግዢ ሌላ ዓይነት ነው። ያኔ የምትገዛው ከአደጋ የሚያተርፍህን ሰው ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት። ቻርጀርስ በ2025 ሁለቱንም ታክሎቻቸውን ራሾን ስሌተርንና ጆ ኦልትን በጉዳት ሲያጡ፣ በ2022 በ19ኛው ተራ የተመረጠውን ትሬቨር ፔኒንግን ከኒው ኦርሊንስ በ2027 6ኛ ዙር ብቻ አመጡ። ሚኔሶታ በኦክቶበር 2024 የግራ ታክሉ ክርስቲያን ዳሪሶ ጉልበቱ ከተበጠሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ካም ሮቢንሰንን ከጃክሰንቪል ወሰደ፤ የሰጠው ሁኔታ የተጨመረበት የ2026 5ኛ ዙር ነው፣ አንድ 7ኛ ዙርም ተመልሶለታል። ሁኔታ የተጨመረበት ፒክ ለእንዲህ ያለ ግዢ የተሠራ ነው፤ ሰውየው ብዙ ከተሰለፈ ፒኩ ይወጣል፣ ካልተሰለፈ ባለበት ይቆያል።

ሮቢንሰን የዓመቱን ቀዳዳ ደፈነ፣ ሚኔሶታም 14 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። በጃንዋሪ 2025 ፕሌይኦፍ ላይ ግን ራምስ የሚኔሶታን ኳርተርባክ ሳም ዳርኖልድን 9 ጊዜ ሳክ አድርገው 27 ለ 9 አሸነፉ። መሐሉ ሳስቶ ነበር። በማርች ሚኔሶታ ሴንተሩን ራያን ኬሊንና ጋርዱን ዊል ፍራይስን ከነፃ ገበያ አስፈረመ፣ በኤፕሪል በ24ኛው ተራ ዶኖቫን ጃክሰንን መረጠ። ለሦስቱ ሰዎች ያወጣው ፒክ አንድ ነበር፣ እሱንም የተጠቀመበት ራሱ ነው።